ዋልት ዲዝኒ፤ አባትንና ልጅን ባንድ ሥፍራ ያጫወተ ሰው

ልጅ በሚጫወትበት ሥፍራ አባትና እናት ምን ይሠራሉ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ልጁ ይሮጣል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይስቃል። አባት ከዳር ተቀምጦ ሰዓቱን ይመለከታል፤ እናትም የልጁን ሹራብና የምሳውን ዕቃ ታቅፋ ትጠብቃለች። ሥፍራው ለዐዋቂዎች ደስታ ብቻ የተሰናዳ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ወላጆች ሲደሰቱ ልጁ የእናቱን ነጠላ እየጎተተ ወደ ቤት እንሂድ እያለ ያለቅሳል። ሰዎች ይህን ለብዙ ዘመን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ቆጥረውት ኖሩ። የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን ሥፍራውን ያሰናዱት ሰዎች ጉድለት መሆኑን በሥራ ካሳዩት መካከል ዋናው አሜሪካዊው ዋልት ዲዝኒ ነው።

የዚህን ሰው ታሪክ በመጽሔታችን የምናወጣው አንባቢን ለማጫወት ብቻ አይደለም። በሮቤና በጎባ የምንኖር ሰዎች ከደጃችን ላይ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አለን። ይህ ሥፍራ የማን ነው? የሩቅ አገር ጎብኚ ብቻ ነው ወይስ የጎባ ልጅም ጭምር? ለዚህ ጥያቄ የዲዝኒ ሕይወት መልካም መምህር ስለሚሆን ታሪኩን ከመነሻው እንከተለው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋልተር ኤልያስ ዲዝኒ ዲሴምበር 5 ቀን 1901 በቺካጎ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኤልያስ ሥራ የማይሰለች፣ ግን የጀመረው ነገር ሁሉ የማይቀናው፣ በልጆቹም ላይ እጁ የጠና ሰው ነበረ። እናቱ ፍሎራ ትባላለች። ዋልት ከአምስት ልጆች አራተኛው ነው። በ1906 ቤተ ሰቡ ቺካጎን ለቅቆ በሚዙሪ አገር ማርሰሊን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ እርሻ ገዝቶ ተቀመጠ። ልጁ በዚያ የቆየው ጥቂት ዓመታት ቢሆንም፣ ዕድሜውን ሙሉ ከልቡ ያልጠፉት እነዚያ ዓመታት ናቸው። የእርሻውን እንስሳት እየተመለከተ ሥዕል መሣል የጀመረው እዚያ ነው። በከተማዪቱ በኩል የሚያልፈውን ባቡር የወደደውም እዚያ ነው። የማርሰሊን ዋና መንገድ፣ በግራና በቀኝ የተደረደሩት ትንንሽ ሱቆች፣ ሰው ሁሉ በስም የሚተዋወቅበት ኑሮ በአእምሮው ተቀርጾ ቀረ።

ነገር ግን አባቱ ታሞ እርሻው ተሸጠ፤ በ1911 ወደ ካንሳስ ሲቲ ተዛወሩ። ኤልያስ በዚያ የጋዜጣ ማደል ሥራ ያዘ፤ የሥራውም ሸክም በልጆቹ ትከሻ ላይ ወደቀ። የ10 ዓመቱ ዋልት ገና ሳይነጋ እየተነሣ፣ በክረምት በረዶ እየረገጠ፣ ከቤት ወደ ቤት ጋዜጣ ያድል ነበር። አባቱ ለዚህ ድካሙ ደመወዝ አልቆረጠለትም። ይህን ሥራ ስድስት ዓመት ያህል ሠራ፤ በትምህርት ቤትም እንቅልፍ እየጣለው ተቸገረ። በሰፈራቸው አጠገብ ኤሌክትሪክ ፓርክ የሚባል፣ በብዙ ሺህ አምፑል የሚያበራ፣ ባቡርና ርችት ያለበት መናፈሻ ነበረ። ዋልትና ታናሽ እኅቱ ሩት ይህን ሥፍራ እጅግ ይመኙት ነበር። ልጅነቱን በሥራ ያለፈ ሰው፣ ኋላ የጨዋታ ከተማ መሥራቱ የሚያስገርም አይደለም። የተራበ ሰው ስለ እንጀራ አብዝቶ ያስባልና።

በ1918 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳያልቅ ዕድሜውን ጨምሮ በቀይ መስቀል የአምቡላንስ ክፍል ገባ፤ ፈረንሳይ ሲደርስ ግን ጦርነቱ አብቅቶ ነበር። ሲመለስ በካንሳስ ሲቲ በማስታወቂያ ሥዕል ሥራ ተቀጠረ፤ እዚያም አብ አይወርክስ ከተባለ ብርቱ ሠዓሊ ጋር ተዋወቀ። ወዲያው የራሱን የካርቱን ፊልም ኩባንያ አቋቋመ፤ ኩባንያው በ1923 ከሰረና ተዘጋ። ዋልት በ21 ዓመቱ ባዶ እጁን ወደ ሆሊውድ ሄደ። በዚያው ዓመት ከታላቅ ወንድሙ ከሮይ ጋር ሆኖ አዲስ የፊልም ማኅበር መሠረተ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ሞት ድረስ ዋልት ያልማል፣ ሮይ ሒሳቡን ይመረምራል። አንዱ ያለ ሌላው የትም አይደርስም ነበር።

በ1927 ኦስዋልድ የተባለ ጥንቸል ፈጥረው ፊልሙ ተወደደላቸው። በ1928 ግን የፊልሙ አከፋፋይ ጥንቸሉን በውሉ መሠረት የራሱ አደረገ፤ ከሠዓሊዎቹም ብዙዎቹን አባብሎ ወሰደ። ዋልት ሥራውን በሌላ ሰው ስም ላለመሥራት ቆረጠ። ከአይወርክስ ጋር ሆነው ሚኪ ማውስን ፈጠሩ። አይጡ ኖቬምበር 18 ቀን 1928 በኒው ዮርክ ሲኒማ ቤት ድምፅ ከሥዕል ጋር በተስማማበት ፊልም ታየ፤ ስሙም በጥቂት ጊዜ ውስጥ በዓለም ተሰማ።

ይሁን እንጂ የካርቱን ፊልም በዚያን ዘመን ከዋናው ፊልም በፊት የሚታይ የጥቂት ደቂቃ ሳቅ ብቻ ነበር። ዋልት ግን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚረዝም የሥዕል ፊልም እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። የሆሊውድ ሰዎች የዲዝኒ እብደት እያሉ አፌዙበት፤ ዐዋቂ ሰው ለዚያን ያህል ጊዜ ተቀምጦ የልጅ ሥዕል አያይም ተባለ። ሥራው ሦስት ዓመት ያህልና አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ግድም ፈጀ። ስኖው ዋይት በዲሴምበር 1937 ሲታይ ግን በአዳራሹ የነበሩት ታላላቅ ሰዎች በተረት ልጅ ሞት እንባቸውን አፈሰሱ። አንባቢ ይህን ነጥብ ያስተውል። ዋልት በዚያች ሌሊት የተማረው ትምህርት የኋላ ሥራው ሁሉ መሠረት ነው። ዐዋቂ ሰው ልጅነቱን አልጣለውም፤ ደብቆት ነው የሚኖረው፤ የሚያፍርበት ካልሆነ ያወጣዋል።

የአንድን ሰው ሕይወት ስንጽፍ ነውሩን መደበቅ አይገባም። በ1941 በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞቹ ስለ ደመወዝና ስለ ማኅበር መብት ሥራ አቁመው በደጁ ሲቆሙ፣ ዋልት ጥያቄያቸውን እንደ ክሕደት ቆጠረው። ልቡ ስለ ሻከረ በ1947 በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ አድማውን ኮሚኒስቶች ያነሣሡት ነው ብሎ መሰከረ። የቤተ ሰብ ደስታ ሊቅ የነበረው ሰው በሠራተኞቹ ዘንድ እንደ አባቱ እጁ የከበደ ሆኖ ታየ። ከጨዋታ በስተጀርባ የሚደክም ሰው መኖሩን መርሳት እንደማይገባ ይህ ያስተምረናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዋልት በ1925 ሊሊያን የምትባል ሴት አግብቶ ነበር፤ ዳያንና ሻሮን የተባሉ ሁለት ሴት ልጆችም አሳደገ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን በሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው ግሪፊዝ ፓርክ ይወስዳቸው ነበር። ልጆቹ በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ተቀምጠው ሲዞሩ፣ ዓለም የሚያውቀው ሰው በአግዳሚ ወንበር ላይ ኦቾሎኒ እየቆረጠመ ይጠብቃቸዋል። አባትም ልጅም አብረው የሚደሰቱበት ሥፍራ ለምን የለም ብሎ የጠየቀው በዚያ ወንበር ላይ ነው። ስንቱ አባት በስንቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰለቸው! ስልቸታውን ወደ ጥያቄ፣ ጥያቄውንም ወደ ሥራ የለወጠው ግን ይህ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ በሄደበት ሁሉ መናፈሻ ይመረምር ጀመር። ሰው የት ይሰለፋል? የት ይደክመዋል? ወረቀቱን የት ይጥላል? በአሜሪካ ያያቸው የጨዋታ ሥፍራዎች ብዙዎቹ ቆሻሻ የሞላባቸው፣ ሰካራም የሚንገላወድባቸው፣ አሠሪዎቻቸውም ገንዘብ ከመቀበል በቀር ለእንግዳ ደንታ የሌላቸው ነበሩ። በ1951 በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ቲቮሊን አየ። ቲቮሊ ከ1843 ጀምሮ የቆየ መናፈሻ ነው። አበባው የተከረከመ፣ መብራቱ የደመቀ፣ አሮጊቷ ሙዚቃ ስትሰማ የልጅ ልጇ ፈረስ የሚጋልብበት ንጹሕ ሥፍራ ነበር። ያሰበው ነገር በሕልም ብቻ የሚቀር አለመሆኑን እዚያ በዓይኑ አረጋገጠ።

የቀረው ገንዘብ ነው። ሒሳብ ዐዋቂው ሮይ አመነታ፤ ባንኮችም ፊታቸውን አዞሩ። ዋልት የሕይወት ኢንሹራንሱን አስይዞ ተበደረ። በመጨረሻ ኤቢሲ ከተባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ ጋር በ1954 ተዋዋለ፤ እሱ በየሳምንቱ የቴሌቪዥን ትርዒት ያቀርባል፣ ኩባንያው ደግሞ ለመናፈሻው ገንዘብና ዋስትና ይሰጣል። ቦታው በጥናት ተመርጦ ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ አናሃይም በምትባል ከተማ የብርቱካን ተክል የነበረበት 160 ኤከር መሬት ተገዛ፤ በእኛ መለኪያ ከአንድ ጋሻ ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ሥራው በጁላይ 1954 ተጀምሮ በአንድ ዓመት አለቀ፤ 17 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ።

የዲዝኒላንድ አሠራር ጥበብ በዝርዝር ሊነገር ይገባዋል፤ ዐዋቂንና ልጅን ያስታረቀው ይህ ጥበብ ነውና። በመጀመሪያ መናፈሻው ዙሪያውን በአፈር ክምር ታጠረ፤ ውስጥ የገባ ሰው የውጭውን ዓለም አያይም። መግቢያው አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ በር ገብቶ አንድ ነገር በማየት ይጀምራል። ከበሩ እንደ ገባ የሚያገኘው ከማርሰሊን ትዝታ የተወሰደ የትንሽ ከተማ ዋና መንገድ ነው። የሕንፃዎቹ ላይኛው ፎቅ ከታችኛው እያነሰ ስለ ተሠራ ልጁ የተረት ከተማ ሲመስለው፣ አያቱ ደግሞ የልጅነቱን ዘመን ያይበታል። ሥፍራው አንድ ነው፤ ለሁለቱ የሚነግራቸው ነገር ግን ሁለት ነው። በመንገዱ ጫፍ ግንብ ይታያል። ቁመቱ 23 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ድንጋዮቹ ወደ ላይ እያነሱ ስለ ተሠሩ ረዥም ይመስላል፤ ዐላማውም ሰውን ወደ መሐል መሳብ ነው። ከመሐሉ አደባባይ መንገዶቹ ወደ ልዩ ልዩ ክፍሎች ይከፈላሉ። ተረት የወደደ በአንዱ፣ ጀብዱ የወደደ በሌላው፣ ስለ መጪው ዘመን ማሰብ የወደደ በሦስተኛው ሄዶ፣ ሁሉም ተመልሶ እዚያው መሐል ይገናኛል።

በመክፈቻው ጊዜ ሰውን የሚያስጮኽ የቁልቁለት ባቡር አልነበረበትም። የነበሩት ዋና ዋና ነገሮች ባቡር፣ የእንፋሎት መርከብና በዱር መካከል የሚያልፍ ጀልባ ነበሩ፤ ሁሉም ሕፃን በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ ሊሳፈርባቸው የሚችል። ለዱሩ ጉዞ ዋልት በመጀመሪያ ሕያው እንስሳት ማኖር ፈልጎ ነበር። እንስሳት ግን ቀን ቀን ይተኛሉ፤ ለጎብኚም ይደበቃሉ ስላሉት ጉማሬውንም ዝሆኑንም በመኪና የሚንቀሳቀስ አድርጎ አሠራ። መናፈሻው ሲሠራ ዋልት በየጊዜው በጕልበቱ እየተንበረከከ ሥፍራውን በልጅ ቁመት ይመለከት ነበር ይባላል። ለወላጆች ደግሞ ንጽሕናን፣ የማረፊያ ሥፍራን፣ ትሑት ሠራተኛን አዘጋጀላቸው፤ አልኮልም እንዳይሸጥ ከለከለ። ሕፃን የያዘች እናት ከሁሉ በፊት የምትፈልገው ትርዒት ሳይሆን ንጹሕ መጸዳጃ፣ ጥላና መቀመጫ መሆኑን ዐውቆ ነበርና።

ጁላይ 17 ቀን 1955 የተከፈተበት ዕለት ግን መከራ ነበር። የመግቢያ ወረቀት በሐሰት እየታተመ ስለ ተሸጠ ከተጠሩት እጅግ የሚበልጥ ሰው ገባ። ሙቀቱ አዲሱን አስፋልት አለሰለሰው፤ የሴቶቹ ተረከዝ ይሰምጥ ነበር። የቧንቧ ሠራተኞች አድማ ስለ ነበረ የመጠጥ ውኃ አነሰ። ጋዜጦች ተሣለቁ። ዋልት ስሕተቱን እያረመ ቀጠለ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ ሚሊዮንኛው እንግዳ ገባ። ከሁሉ የሚያስገርመው ከሚገቡት ሰዎች መካከል ዐዋቂዎቹ ከልጆቹ በብዙ መብለጣቸው ነው፤ ይህንም ዋልት ራሱ ደጋግሞ ይናገር ነበር። በሴፕቴምበር 1959 የሶቪየት ኅብረት መሪ ክሩሽቾቭ አሜሪካን ሲጎበኙ፣ ለደኅንነትዎ ያሠጋል ተብለው ዲዝኒላንድን ከማየት ስለ ተከለከሉ በአደባባይ ተቈጥተዋል። የዓለምን ግማሽ የሚያስፈራ ሰው የጨዋታ ሥፍራ ስላላየ ማዘኑ ለዋልት አሳብ ከምስክር ሁሉ የበለጠ ምስክር ነው።

ዋልት ዲዝኒ ዲሴምበር 15 ቀን 1966 በ65 ዓመቱ በሳንባ ካንሰር ሞተ። በፍሎሪዳ ከመጀመሪያው እጅግ የሚሰፋ መሬት ገዝቶ ሌላ ሥራ ጀምሮ ነበር። ጡረታ ሊወጣ ያሰበው ሮይ ዕረፍቱን ትቶ ሥራውን ፈጸመ፤ ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ሲከፈትም የወንድሙ ሙሉ ስም እንዲጠራበት አደረገ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ሮይም ሞተ። ከዚያ ወዲህ የዲዝኒ መናፈሻዎች በጃፓን፣ በፈረንሳይና በቻይና ተከፍተዋል። የሚነቅፏቸውም አሉ፤ ታሪክን አጣፍጠው ያቀርባሉ፣ ዋጋቸው ከድኻ ቤተ ሰብ ዐቅም በላይ ሆኗል ይላሉ። ነቀፌታው እውነት አለው። በ1955 ዐዋቂ በአንድ ዶላር፣ ልጅ በ50 ሳንቲም ይገባ የነበረበት በር ዛሬ ለብዙዎች ጠብቧል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ቤተ ሰብ በአንድነት የሚውልበት ሥፍራ አስፈላጊነት በእኛም ዘንድ እየታወቀ መጥቷል። በአዲስ አበባ የአንድነት ፓርክ በ2019፣ የእንጦጦ ፓርክም በ2020 ተከፍተዋል። ባሌ ግን ከእነዚህ ሁሉ የቀደመ ሥፍራ አላት። በ1960ዎቹ እንግሊዛዊው የአዕዋፍ ሊቅ ሌስሊ ብራውን የደጋ አጋዘንን ሊያጠና መጥቶ ሥፍራው እንዲጠበቅ መከረ፤ ፓርኩ በ1970 ተቋቋመ፤ በ2023ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በዲንሾና በጋይሳይ የደጋ አጋዘን ይሰማራል፤ ከጎባ በላይ የሳነቴ አምባ ይዘረጋል፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከዚያ ወርዶ የሐረና ጫካ አለ። ዲዝኒ በብረት ሊሠራው የተገደደውን እኛ በሕይወት አለን። ለእሱ እንስሳት ቀን ይተኛሉ ተብሎ ነበር፤ የሳነቴ ቀይ ቀበሮ ግን አይጥና ፍልፈል የሚያድነው በጠራራ ፀሐይ ነው።

እንግዲህ ከዲዝኒ የምንማረው በሳነቴ ላይ የብረት ፈረስ እንድንተክል አይደለም፤ ይህ ሥፍራውን መግደል ይሆናል። የምንማረው የሁለቱን እንግዶች ጠባይ ለይቶ ማወቅን ነው። ዐዋቂው ጎብኚ ዝምታ ይወድዳል፤ ለሰዓታት መሄድና አንዲት ወፍ ለማየት መጠበቅ ይችላል፤ ብርዱንም ይታገሣል። ሕፃናት የያዘ ቤተ ሰብ ደግሞ አጭር መንገድ፣ ቶሎ የሚታይ ነገር፣ ማረፊያና ሙቅ ሻይ ይሻል፤ በ4,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳም ልጆቹን በአምባው ላይ ብዙ ማቆየት አይችልም። ለዚህ ለሁለተኛው የዲንሾ ጥድና የጋይሳይ ሜዳ ይስማማዋል፤ ሳነቴ በዝምታው ለመጀመሪያው ይቆይ። አንድ በር፣ ልዩ ልዩ መንገድ፣ ኋላም መገናኛ፤ የዲዝኒ አሠራር ይኸው ነው። አባትም ስለ ከብቱና ስለ ደኑ የሚያውቀውን ለልጁ የሚነግርበት ሥፍራ ይሆንለታል እንጂ ከዳር ተቀምጦ አይጠብቅም።

ይህ የመዝናናት ነገር ብቻ እንዳይመስለን። የቀይ ቀበሮ ቁጥር በዓለም ሁሉ ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል፤ ከዚያም ከግማሹ በላይ የሚኖረው በእኛ ተራሮች ላይ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 ከቤት ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ጨርሷል። ውሻውን የሚያስከትበው፣ ግጦሹን የሚቆጥበው፣ እሳቱን የሚያጠፋው ነገ የሮቤና የጎባ ሰው ነው፤ ያ ሰው ዛሬ ልጅ ነው። ምስሉ በ10 ሳንቲም ላይ የተቀረጸውን የደጋ አጋዘን በሳንቲም ብቻ ያየ ልጅ፣ አድጎ ስለ አጋዘኑ ይከራከራል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ከአባቱ ጋር ቆሞ ያየው ልጅ ግን አይረሳውም፤ ዲዝኒ የማርሰሊንን ባቡር አልረሳምና።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ከፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ከሁለቱ ከተሞች ትምህርት ቤቶች ጋር ተነጋግሮ፣ በዓመት አንድ ቀን ወላጆችና ልጆች በአንድነት ዲንሾ የሚውሉበትን ቀን ቢያሰናዳ፣ መንገድ መሪዎቹም እኛ ተማሪዎች ብንሆን፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ለትውልድ ነው። አሳቡ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ይነሣ።